ጴጥሮስን ዝም ያሰኘሁበት እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው እቀመጣለሁ። ሰው ማማቴን እነግራቸዋለሁ፣ የቤት ሠራተኛዬን በቁጣ መናገሬን እነግራቸዋለሁ፣ ቅዳሴ ማርፈዴን እነግራቸዋለሁ። ቀኖና ይሰጡኛል፤ እሰግዳለሁ። ይህኛውን ግን ዘልዬ ነበር የማልፈው። "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም። እግዜር ፊት ስዋሽ እንኳ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያስጠላኝ ይኸው ድምፄ ነው።

መሠረት እባላለሁ። ገርጂ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ርዕሰ መምህርት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው ስለ እኔ አንድ ነገር ያውቃል፤ አልደነግጥም። ወላጅ ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሲቆጣ፣ ከክፍለ ከተማ የመጣ ሱፐርቫይዘር ፋይል ሲያገላብጥ፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ ከፍ አላደርግም። መምህራኑ ከኋላዬ "ፍሪጅ" ይሉኝ ነበር። አውቅ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ከከባድ ስብሰባ በፊት የማደርገው ነገር ነበረኝ። ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ባዶው ክፍል እገባለሁ። መጀመሪያ ወላጆች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኜ የእኔን ወንበር አየዋለሁ። ከዚያ ወደ ቦታዬ እሄዳለሁ። እግሬን መሬት አስረግጬ፣ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ አየር በአፍንጫዬ ስቤ በአፌ ቀስ ብዬ አወጣለሁ። በትንሽ ወረቀት ሦስት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ የማውቀውን፣ የማላውቀውን፣ የማደርገውን። በቃ። ይህን በኋላ ለሌሎች ርዕሳነ መምህራን አስተምሬዋለሁ። ቦሌ ባሉ የሆቴል አዳራሾች ማይክ ይዤ ቆሜ አስተምሬዋለሁ፤ ማስታወሻ ይዘዋል፣ አጨብጭበውልኛል። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አንዲት ወጣት ርዕሰ መምህርት ጠጋ ብላ ይህን መረጋጋት ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። "ከልምድ" አልኳት።  ከየት እንዳመጣሁት ለእናንተ ልናገር።

ጴጥሮስ የሚባል የባዮሎጂ መምህር ነበረን። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ሰላማዊት ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ሁለቱም ይዘምራሉ። ጴጥሮስ ክፍል ሲገባ ሌላ ሰው ነው። የልብን አሠራር ለማስተማር ግቢው ላይ በኖራ አራት ክፍል ይሥልና ተማሪዎቹን "እናንተ ደም ናችሁ፣ ዙሩ" ይላቸዋል። ልጆቹ እየሳቁ ከክፍል ክፍል ይሮጣሉ፤ የእሱ ድምፅ እኔ ቢሮ ድረስ ይሰማል። አለቃ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል። አንዴ በግምገማ ላይ ስለ ራሱ እንዲናገር ዕድል ተሰጥቶት ሁለት ቃል ብሎ ቁጭ አለ። በኋላ ቢሮዬ መጥቶ መሬት መሬት እያየ፣ "ስብሰባ ላይ እኮ ሰው አይደለሁም" አለኝ። ይህን አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ይህን አውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጴጥሮስ አንደኛ ፎቅ ኮሪደር ጫፍ ድረስ ወሰደኝ። ልጆች የሚደገፉበት ብረት ብየዳው ለቆ ነበር። ያዝ አድርጎ ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ። አንድ ቀን ልጅ ይጥላል አለኝ። እሺ፣ አስጠግናለሁ አልኩት። ዓርብ ደግሞ የሳምንቱን የተረኛ መምህር ሪፖርት ሲያስገባ በጽሑፍ ጨመረበት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በተጣበቀ ጽሕፈቱ፣ የብረቱን ቦታ ሳይቀር ሥሎ አሳየ። አነበብኩት። ጥግ ላይ ፈረምኩበት። ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ኢንስፔክሽን ሊመጣብን ነበር። ኮሪደሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ግድግዳው ላይ ቻርት ተሰቅሏል። በያጅ ቢገባ ቀለሙ ይበላሻል፣ ግቢው ይቆሽሻል፤ ኢንስፔክሽኑ ይለፍና ይበየዳል አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ተረጋግቼ።

በሚቀጥለው ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ፌቨን የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ታች ያለች ጓደኛዋን ለመጥራት ብረቱን ተደገፈች። ብረቱ ይዟት ወረደ። ያን ቀንም ተረኛው ጴጥሮስ ነበር። በዚያች ደቂቃ ኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚደባደቡ ሁለት ልጆች ሲገላግል ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አላውቅም፤ እኔ ከቢሮ ስወጣ ጋወኑን አውልቆ ከጭንቅላቷ ሥር አድርጎላት ነበር። እንዳትንቀሳቀስ ይዟት፣ እያናገራት፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ከአጠገቧ አልተነሣም። ዳሌዋና እግሯ ተሰብሮ ነበር። ተረፈች። እስከ ዛሬ ግን ታነክሳለች።

ስብሰባው ዓርብ ጠዋት ሆነ። የፌቨን አባት፣ መለዋወጫ ነጋዴው አቶ ዳንኤል፣ ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ይመጣል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው ይመጣል። የወላጅ ኮሚቴ ይመጣል።

እንደ ልማዴ ቀድሜ ባዶው ክፍል ገባሁ። የአባትየው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልሠራም። እግሬን አስረገጥኩ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አየር ሳብኩ፤ ደረቴ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አወጣሁና የማውቀውን ልጽፍ ስል፣ የማውቀው ነገር ያ ሪፖርት ነበር። ተነሥቼ ሽንት ቤት ሄጄ አስታወክሁ። አፌን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየሁት። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "መጣልኝ" እላለሁ፤ ማንም አላመጣብኝም። እኔ ነኝ ያሰብኩት። ቢሮዬ ገባሁ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ የጴጥሮስን ሪፖርት አወጣሁ። ሽንት ቤት ተመልሼ በሩን ቆለፍኩ። ቀደድኩት። እንደገና ቀደድኩት። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ጨመርኩት።

መልቀቂያውን ብጫነው ውሃ የለም። አፌን የታጠብኩት ከበርሜሉ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሄዷል። ቁርጥራጮቹ ተንሳፍፈው ቀሩ። አንዱ ላይ "ልጅ" የሚለው ቃል ይነበብ ነበር። በጆግ ከበርሜል እየቀዳሁ አንዴ ደፋሁ፣ ሁለቴ ደፋሁ፣ ሦስቴ ደፋሁ። ርዕሰ መምህርቷ፣ ፍሪጇ፣ በታኮ ጫማ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ የአንድ ታማኝ ሰው ጽሕፈት በሽንት ቤት ሳወርድ። ወርዶ ሲያልቅ ጉልበቴ መንቀጥቀጡን ተወ። መረጋጋቴ የመጣው ከዚህ ነው። ከጸሎት አልመጣም፣ ከልምድም አልመጣም። ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ሰው ስላገኘሁ ነው የተረጋጋሁት።

ግን ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር። ጴጥሮስ አፍ አለው። ስለዚህ አስጠራሁት።

ሲገባ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሌሊቱን ሆስፒታል ደጅ እንዳሳለፈ ነገረኝ። ወንበር ሰጠሁት። ውሃ ቀዳሁለት። እንደ እኅት ነበር የያዝኩት፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። እግርህን መሬት አስረግጥ አልኩት። መዳፍህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፍ። በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ። የምሥጢሬን ሁሉ አስተማርኩት። ስትደናገጥ እኔን እየኝ፤ እጄን ጠረጴዛው ላይ እንዲህ ሳሳርፍ ካየህ ተረጋጋ ማለቴ ነው አልኩት። እሱም እንደ ተማሪ ተከተለኝ። ትንፋሹ ሲመለስ አየሁ።

"አንተ ምንም እንዳትናገር" አልኩት። "እኔ እመልስላቸዋለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለኝ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ "ስለ ሪፖርቱም ይነግሩልኛል አይደል?" አለ።

"ሁሉንም በሥርዓቱ እናገራለሁ" አልኩት።

አቶ ዳንኤል ሲገባ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ ልጄን አደራ ነው ያልኳችሁ አለ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ በዚያ ድምፄ ጀመርኩ። ሐዘናችንን ገለጽኩ። በአደጋው ሰዓት ተረኛው መምህር ከቦታው እንዳልነበረ ተናገርኩ። ሁለት ልጆች ሲገላግል መሆኑን አልተናገርኩም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ብረቱ መላላቱን ቀድሞ ያሳወቀ ሰው እንደነበር ጠየቀኝ።

"ወደ ቢሮዬ የደረሰ ሪፖርት የለም" አልኩ።

ጴጥሮስ ቀና አለ። አየኝ። በዚያች ሰከንድ ዓይኑ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ የረሳሁ መስሎት ሊያስታውሰኝ ነበር። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እኔም እጄን አነሣሁና መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብዬ አሳረፍኩ።

አፉን ዘጋ።

አንድን ሰው በገዛ እምነቱ አፉን መዝጋት ምን ይባላል? ስሙን አላውቅም። ያደረገችው እጅ ግን ይህች ናት፤ እንጀራ እቆርስባታለሁ፣ አማትብባታለሁ። ቁረጧት የሚል ቃል ወንጌል ላይ አለ። እኔ ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዚያችው እጅ የጴጥሮስን የስንብት ደብዳቤ ፈረምኩ። የሥራ ልምድ ማስረጃውም ላይ "ተማሪን በመጠበቅ ግዴታው ላይ ቸልተኝነት የታየበት" የሚል አስገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። ለጥንቃቄ ነበር። እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ መምህር የትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚቀጥረው? አቶ ዳንኤል ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ በዚህ ሁሉ መሐል ሰው ሆነው ያነጋገሩኝ እርስዎ ነዎት ብሎ አመሰገነኝ።

ጴጥሮስ ከሳምንት በኋላ የላብራቶሪውን ቁልፍ ሊመልስ መጣ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆመ።  "የረሱት መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ፋይሉ መዝገብ ቤት ሲገባ ሄጄ አየሁ። የሁሉም ሳምንት አለ። የዚያ ሳምንት ብቻ የለም።"

ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? "ተረጋጋ፣ ጴጥሮስ" አልኩት። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ፌቨን ከብዙ ወራት በኋላ በክራንች ተመለሰች። የመጀመሪያ ቀኗ ላይ ቢሮዬ መጥታ፣ ቲቸር ጴጥሮስ ያን ብረት እንዳይደገፉ ሁልጊዜ ይነግራቸው እንደነበር፣ ያልሰማችው ራሷ እንደሆነች እያለቀሰች ነገረችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጥፋቷን ልትናዘዝ መጣች፤ ወደ እኔ። ጎሽ የኔ ልጅ፣ አሁን ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ከፍ ከፍ አልኩ። ሥልጠና መስጠት ጀመርኩ። በሥልጠናውም ላይ አንድ ደንብ ጨመርኩ፤ በቀውጢ ስብሰባ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ የተደናገጠ ባልደረባ አስቀድሞ ይረጋጋ፣ ዝም ይበል። ኃጢአቴን ወስጄ ትምህርት አደረግሁት። ስሕተት አልመሰለኝም ነበር፤ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያቺ በሻይ ሰዓት የጠየቀችኝ ወጣት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደስታ ነበረበት። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ልጅ ተጎድቶ ስብሰባ እንደተጠራባት፣ እኔ እንዳስተማርኳት አድርጋ መምህሩን አረጋግታ ዝም እንዳሰኘችው፣ ብቻዋን እንደተናገረች፣ ሁሉም በሰላም እንዳለቀ አጫወተችኝ። ልታመሰግነኝ ነው የደወለችው።

"ጥፋቱ የማን ነበር?" አልኳት።

 "መምህሩ... ከሥራ ተነሥቷል" አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት።  ስንቱን ነው ያስተማርኩት? በስንት ስብሰባ ላይ ስንት ጴጥሮስ አፉን ዘግቷል? መልሼ ደወልኩላትና ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ከዚያ ያለ ቻው ዘጋችው። መምህሩን ትመልሰው አትመልሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ቡልቡላ ሄድኩ። የጴጥሮስን ቤት የድሮ መምህራን ናቸው ያሳዩኝ። አራተኛ ፎቅ በሩ ላይ ስደርስ ቆሜ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ አየር በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ በአፌ አወጣሁ፣ የምለውን በልቤ ደረደርኩ። ሳውቀው ራሴን ተጸየፍኩት። ለይቅርታ እንኳ ተለማምጄ ነበር የመጣሁት።

ሰላማዊት ከፈተችልኝ። አወቀችኝ፤ ግን ይግቡ አለችኝ። ጴጥሮስ ከሥራ ገና መግባቱ ነበር፤ እሱም አሁን ፋብሪካ ነው የሚውለው፣ ጨርቅ ይፈትሻል። ጸጉሩ ሸብቷል። ተነሥቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ አማርኛው አማረ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እሱ ጉልበቱን እያየ ሰማኝ።

"ይቅር ካልኩዎት ቆይቷል" አለ በመጨረሻ። "እኔ ቤት መምጣትዎ ግን ምን ያደርጋል? የዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አሁንም ቸልተኛ ነኝ።"

 ሰላማዊት እስከ ደረጃው ሸኝታኝ፣ "ሌሊት እየተነሣ ያን ሪፖርት እንደገና ይጽፈው ነበር፤ ያልጻፈው እንዳይሆን ብሎ" አለችኝ። ራሱን እስኪጠራጠር አድርሼው ነበር ማለት ነው።

ያንኑ ስብሰባ እንደገና እንዲጠራልኝ የትምህርት ቤቱን ባለቤት ለመንኩት፤ የትምህርት ቤቱን ስም ታጠፊያለሽ ብሎ ተቆጣ። ካልጠሩልኝ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ እንደማስገባ ስነግረው ጠራልኝ። አቶ ዳንኤል መጣ። ፌቨንም አባቷን ተከትላ መጣች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጴጥሮስን ጠይቄው ነበር፤ የሥራ ቀን ነው ብሎ አልመጣም።

ያን ቀን ቀድሜ ክፍል አልገባሁም። የያዝኩት ወረቀት አልነበረም። ስናገር ድምፄ ተሰበረ፣ ቃል ጠፋኝ፤ የሽንት ቤቱን ሳወራ ከወላጅ ኮሚቴው አንዷ ፊቷን አዞረች። ደግ አደረገች። ሪፖርቱ ደርሶኝ ነበር፣ አንብቤው ነበር፣ ቀድጄ ጣልኩት አልኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። አቶ ዳንኤል አልጮኸም። ያን ዕለት የጨበጠኝን እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቆ፣ "ያን ሰው ሆስፒታል ደጅ ድረስ መጥቶ አባርሬዋለሁ" አለ። ፌቨን የጴጥሮስን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝና እያነከሰች ወጣች።

ቃለ ጉባኤው ተስተካከለ። አዲስ የሥራ ልምድ ማስረጃ ተጻፈለት። እኔም ሥራውን ለቀቅሁ፤ ለቀቅሁ ማለቴ እንኳ ያሳፍረኛል፣ መባረር ሲገባኝ በክብር ነው የወጣሁት። ጴጥሮስ በአዲሱ ማስረጃ ቡልቡላ ካለ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ። ደስ አለኝ፤ የተቃለለልኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ተወው። ለምን እንደሆነ ሰላማዊትን በስልክ ጠየቅኋት። ተማሪዎቹ ፊት ሲቆም ምላሱ እንደሚታሰር፣ "ደም ናችሁ፣ ዙሩ" የሚለው ሰው ስም መጥራት እንኳ እንዳቃተው ነገረችኝ። ድሮ አለቃ ፊት ብቻ ነበር የሚታሰረው። ክፍል ውስጥ ነፃ ነበር። ክፍሉንም ነው የወሰድኩበት። ይህን የሚያስተካክል ቃለ ጉባኤ የለም።

ዘንድሮ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አለቀሱ፤ እኔ አላለቀስኩም። ለእናንተም የተናገርኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ይቅርታ አድርጉልኝም አልላችሁም። ይቅርታ መጠየቅ እችልበታለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቃሉን መርጬ፣ ሰው እስኪያዝንልኝ ድረስ እችልበታለሁ። ስለምችልበት ነው የማልጠይቀው።